የማታ የበረሃ ሳፋሪ በዱባይ፦ ከእራቱና ከትርኢቱ ጋር፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የማታው የበረሃ ሳፋሪ ሁለት ነገር በአንድ ቲኬት ይሸጣል። አንደኛው በረሃው ነው፤ አሸዋው፣ የምትጠልቀው ጀንበር፣ ዝምታው። ሁለተኛው ካምፑ ነው፤ እራቱ፣ ሙዚቃው፣ ዳንሱ። ሰው ቅር ብሎት የሚመለሰው ብዙ ጊዜ አንዱን ፈልጎ ሌላውን ስላገኘ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን መልሶች ስታነቡ «እኔ የምፈልገው የትኛውን ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ከመክፈላችሁ በፊት ይሄን ካወቃችሁ ምርጫው ይቀላል።

ጉዞው ከመነሻው እስከ መጨረሻው ምን ይመስላል?

ከሰዓት በኋላ አንድ ፎርዊል መኪና፣ አብዛኛውን ጊዜ ቶዮታ ላንድክሩዘር፣ ካረፋችሁበት መጥቶ ይወስዳችኋል። በአንድ መኪና እስከ 6 ተሳፋሪ ይጫናል። ሹፌሩ ከሆቴል ሆቴል እየዞረ ሌሎቹን ይሰበስባል። ከዚያ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት በአስፋልት ትጓዙና በረሃው ጫፍ ላይ ትቆማላችሁ። እዚያ ሹፌሩ የጎማ አየር ይቀንሳል። ቀጥሎ አሸዋው ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚነዳው ክፍል ይመጣል። ሁሉም ሰው «ዱን ባሺንግ» የሚለው እሱን ነው። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆማችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ። ከዚያ ካምፕ። ቡናና ቴምር፣ አጭር የግመል ግልቢያ፣ ሂና፣ እራት፣ ትርኢት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ወይም 3፡30 አካባቢ ወደ ከተማ ትመለሳላችሁ።

ጠቅላላው 6 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ አሸዋ ላይ የምትነዱበት ጊዜ ግን ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ብቻ ነው። በ20 እና በ45 መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። በረሃውን የምትወዱ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይሄን ይሁን።

ቫውቸሩ ላይ የተጻፈውን ሰዓት እንዴት ልረዳው?

ቫውቸሩ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከሰዓት 3:00 የሚል ካያችሁ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። ዱባይ ከኢትዮጵያ በ1 ሰዓት ትቀድማለች፤ ስልካችሁ ሰዓቱን መቀየሩን አረጋግጡ። በዚህ ምክንያት መኪናው ጥሏቸው የሄደ ሰዎች አሉ። የጋራ መኪና ከ10 ወይም ከ15 ደቂቃ በላይ አይጠብቅም፤ ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ጀንበሯ እንዳታመልጣቸው ይቸኩላሉ።

የሚወስዳችሁ ሰዓት እንደ ወቅቱም ይለያያል። በታኅሣሥ ዱባይ ላይ ጀንበር የምትጠልቀው ከቀኑ 11፡30 አካባቢ ነው። በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ከምሽቱ 1፡10 ገደማ። በክረምታቸው ቀደም ብለው፣ በበጋቸው ዘግየት ብለው የሚመጡት ለዚህ ነው።

በረሃው የት ነው? ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ነው የሚሄደው?

አይደለም። የቦታው ጉዳይ ከእራቱም ከትርኢቱም ይበልጣል ባይ ነኝ።

በብዛት የሚታወቀው ላህባብ ነው። ከዱባይ ወደ ሃታ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። አሸዋው ቀይ ነው። ቅላቱ የሚመጣው የአሸዋውን ቅንጣቶች ከሸፈነው የብረት ዝገት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ዘንበል ሲል ቀለሙ ይደምቃል። በየማስታወቂያው የምታዩት ፎቶ አብዛኛው እዚህ የተነሳ ነው። ኮረብታዎቹም ከፍ ያሉ ናቸው። በዚያው መንገድ ዳር አል ባዳየር አለ። እዚያ ያለው «ቢግ ሬድ» የሚባል የአሸዋ ተራራ 100 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ቦታው የዱባይ ጎረቤት የሆነችው የሻርጃ ግዛት ነው። ይሄ ለምን እንደሚጠቅማችሁ ስለ መጠጥ ስንነጋገር ይገባችኋል።

አል አዊር ለከተማው ይቀርባል። አሸዋው ፈዘዝ ያለ፣ ኮረብታዎቹም ዝቅ ያሉ ናቸው። ርካሽ ጉዞዎች ብዙ ጊዜ ወደዚህ ይወስዳሉ። መንገዱ ስለሚያጥር ልጆች ላሏቸው መጥፎ አይደለም። ቀዩን አሸዋ አስባችሁ ከሄዳችሁ ግን ታዝናላችሁ።

ሦስተኛው ምርጫ የዱባይ የበረሃ ጥብቅ ክልል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ 225 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። የሚገቡት ፈቃድ ያላቸው ጥቂት ድርጅቶች ብቻ ናቸው። እዚያ ዋናው ነገር አሸዋ ላይ መጋለብ ሳይሆን እንስሳ ማየት ነው። ነጩን የዓረብ ሳላ፣ ሰዉ ኦሪክስ የሚለውን፣ በቅርብ ታዩታላችሁ። ይሄ እንስሳ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከዱር ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። በየጥብቅ ቦታው ተረብቶ እንደገና ወደ በረሃ የተመለሰ ነው። ሚዳቋም አለ። የኤምሬትስ ብሔራዊ ዛፍ የሆነው ጋፍም እዚያ በብዛት ይታያል፤ ሥሩን ወደ ታች ሰድዶ ዝናብ በሌለበት አረንጓዴ ሆኖ ይኖራል። ዋጋው ውድ ነው። አቅም ካላችሁና በረሃውን ራሱን የምትፈልጉ ከሆነ ግን እኔ የምመርጥላችሁ ይሄን ነው።

ዋጋው ስንት ነው?

በጋራ መኪና የሚደረገው ተራው ጉዞ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሰው ከ100 እስከ 250 ድርሃም ይሆናል። መኪናውን ለብቻችሁ ከያዛችሁት ይጨምራል፤ አራት ወይም አምስት ሆናችሁ ከተካፈላችሁት ግን ልዩነቱ ብዙም አይጎዳም። በጥብቅ ክልል የሚደረገው ብዙ ጊዜ ከ500 ድርሃም በላይ ይሄዳል። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 የታሰረ ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። 100 ድርሃም 27 ዶላር ገደማ ነው። 5 በመቶ ቫት መካተቱንም ጠይቁ።

ዋጋው ሲረክስ የሚቀነሰው ነገር ብዙውን ጊዜ የታወቀ ነው። አሸዋ ላይ የምትቆዩበት ጊዜ ያጥራል። በረሃው ቅርብ ይሆናል። ካምፑ በሰው ይጨናነቃል። በጣም ርካሽ በሆኑት ላይ ደግሞ በትልቅ አውቶቡስ እስከ ካምፑ ይወስዱና አሸዋው ላይ መንዳቱን ለብቻ ያስከፍላሉ። «ከሆቴሌ የሚወስደኝና አሸዋው ላይ የሚነዳኝ መኪና አንድ ነው ወይ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱ ዋትስአፕ ላይ ይቀመጥላችኋል።

አሸዋው ላይ መንዳቱ አደገኛ ነው?

በሰለጠነ ሹፌርና በትክክለኛ መኪና ከሆነ አደጋው ዝቅተኛ ነው። የሚሆነውን ማወቅ ፍርሃቱን ይቀንሳል።

ጎማው አስፋልት ላይ 35 ፒ.ኤስ.አይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ ነው) ገደማ አየር ይይዛል። በረሃ ሲገባ ወደ 15 አካባቢ ይወርዳል። የተነፈሰ ጎማ መሬቱን የሚነካበት ስፋት ይጨምራል፤ ክብደቱ ይበተናል፤ መኪናው አይሰምጥም። ኮረብታው ደግሞ ሁለት ጎን አለው። ነፋስ የሚመጣበት በኩል ገር ዳገት ነው። ማዶው ግን ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው፤ ደረቅ አሸዋ ሳይናድ ሊቆም የሚችልበት 34 ዲግሪ ገደማ ድረስ ያዘነብላል። መኪናው ጫፉ ላይ ደርሶ ወደዚያኛው ጎን ሲያዘቀዝቅ ሆዳችሁ የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው። ሰው የሚጮኸው እዚያ ላይ ነው። ሹፌሩ ግን አሸዋው ከመኪናው ጋር አብሮ እየወረደ ፍጥነቱን እንደሚይዝለት ያውቃል።

እናንተ የምታረጋግጡት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሠራ ቀበቶ መኖሩን። ሁለተኛ፣ ከመኪናው ጣሪያ ሥር የብረት መከላከያ መገጠሙን። ሦስተኛ፣ መኪናዎቹ በቡድን መሄዳቸውን፤ አንዱ ቢሰምጥ ሌላው ይጎትተዋል። ሹፌሩ እየነዳ ስልክ የሚያወራ ከሆነ አቁም በሉት። ከፈራችሁም «ቀስ በል» ማለት አያሳፍርም። ተሳፋሪ ሲጠይቅ ቀስ ብሎ መንዳት ሥራው ነው።

በኪራይ መኪና ራሳችሁ አሸዋ ውስጥ ልግባ የምትሉ ግን ተዉት። የኪራይ ውሎች በአብዛኛው ይከለክላሉ። ያለ ልምድና ያለ ሁለተኛ መኪና መግባት ደግሞ በሙቀት ወቅት ሕይወት ያስከፍላል።

መኪና ያዞረኛል። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

መንገድ የሚያጥወለውላችሁ ሰዎች መሄድ ትችላላችሁ፤ ዝግጅት ግን ያስፈልጋል። ምሳ ቀደም ብላችሁ፣ ቀለል አድርጋችሁ ብሉ። ባዶ ሆድም ጥሩ አይደለም። ከፊት ወይም ከመካከል ተቀመጡ። ከኋላ ያለው ሦስተኛው መቀመጫ በጣም ስለሚያንገጫግጭ እዚያ እንዳያደርጓችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ዓይናችሁን ከአድማስ አታንሱ፤ ስልክ አትመልከቱ፤ ቪዲዮም ሌላ ሰው ይቅረጽላችሁ። የማቅለሽለሽ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ከመነሳታችሁ ግማሽ ወይም አንድ ሰዓት በፊት ነው የሚሠራው፤ አሸዋው ላይ ከደረሳችሁ በኋላ መዋጡ ብዙም አይረዳም። ፋርማሲስት አማክሩ፤ አንዳንዶቹ እንቅልፍ ያመጣሉ።

ከጀመራችሁ በኋላ ካስጠላችሁ ለሹፌሩ ወዲያው ንገሩት። ማስመለስ ሲመጣ አይደለም፤ ከዚያ በፊት። አብዛኞቹ ይቆማሉ።

ነፍሰ ጡር ነኝ። ወይም ትንሽ ልጅ፣ ወይም እናቴን ይዤ ነው የምሄደው።

ነፍሰ ጡር አሸዋ ላይ በሚነዳው መኪና መሄድ የለባትም። ድርጅቶቹም አይፈቅዱም። የጀርባና የአንገት ሕመም፣ የልብ ችግር ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያለባቸውም እንደዚያው። ለሕፃናት የዕድሜ ገደቡ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል፤ ብዙዎቹ ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጭኑም።

ይሄ ማለት ግን ቤተሰቡ በሙሉ ይቅር ማለት አይደለም። ቀጥታ ወደ ካምፕ የሚወስድ መኪና ጠይቁ። ከአሸዋው መንዳት በስተቀር ሌላው ሁሉ አይቀርባችሁም፤ ግመሉም፣ እራቱም፣ ትርኢቱም። በዕድሜ ለገፉ ወላጆች በጣም ጥሩ ምሽት ነው። አንድ ነገር ብቻ አስቡበት፦ የካምፑ መቀመጫ ምንጣፍና ትራስ ነው፤ ጉልበት ለሚያማቸው መነሳትና መቀመጡ ይከብዳል። ወንበር እንዲያዘጋጁላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። በስልክ ከተነገራቸው ያመቻቻሉ፤ ካምፕ ውስጥ ሰው ከሞላ በኋላ ግን ወንበር ፍለጋ ነው።

ምን ልልበስ?

ሰፋ ያለ፣ ቀለል ያለ ልብስ። ሱሪ ከቀሚስ ይሻላል፤ መኪናው ከፍ ያለ ነው፣ ግመል ላይም ትወጣላችሁ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ቢሆን ይመረጣል። ሕግ ሆኖ አይደለም፤ አገሩን ማክበር ነው፤ ከፀሐይም ያድናል። ጫማ ነጠላ ወይም በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን፤ አሸዋ መግባቱ አይቀርም። ተረከዝ ያለው ጫማ ቤት ይቅር።

ከኅዳር እስከ የካቲት የምትሄዱ ሰዎች ጃኬት ያዙ። ይሄን ብዙ ሰው አያምንም። በረሃው ደረቅ ነው፤ አሸዋው ቀን የያዘውን ሙቀት ጀንበር እንደጠለቀች ይለቀዋል። ክፍት ቦታ ላይ ለሁለት ሰዓት ተቀምጦ ትርኢት ማየት ሲመጣ ልጆች በተለይ ይበርዳቸዋል።

የትኛው ወቅት ይሻላል?

ከኅዳር እስከ የካቲት ምርጥ ነው፤ መጋቢትም ያስኬዳል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ቀን ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ማታም ቢሆን አየሩ ይከብዳል። በዚያ ወቅት ዋጋው ይቀንሳል፤ ሰዉም ያንሳል። የሙቀት ነገር የማያስቸግራችሁ ከሆነ መሄድ ይቻላል፤ ውሃ ግን በብዛት።

ዝናብ ብርቅ ቢሆንም ሲመጣ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2024 ዱባይን ያጥለቀለቀው ዝናብ መንገዱንም አውሮፕላን ማረፊያውንም አስተጓጉሏል። አሸዋ የሚያነሳ ኃይለኛ ነፋስና የጠዋት ጉም ደግሞ ከዝናብ ይልቅ የተለመዱ ናቸው። በአየሩ ምክንያት ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ቀን ይቀየራል? ስትከፍሉ አስጽፉት።

የግመሉ ግልቢያ ረጅም ነው?

አጭር ነው። በጣም አጭር። ካምፑ አጠገብ ትንሽ ዞራችሁ ትወርዳላችሁ፤ ጥቂት ደቂቃ ነው። በግመል በረሃ አቋርጣለሁ ብሎ ያሰበ ሰው ለብቻው የግመል ጉዞ ይያዝ።

ግመል ስትነሳ የኋላ እግሯን ነው መጀመሪያ የምታነሳው። ስለዚህ ወደ ፊት ትወረወራላችሁ። እጀታውን አጥብቃችሁ ያዙና ወደ ኋላ ተደገፉ። ስትንበረከክም ያው ነው። እንስሳዋንም ተመልከቱ። ቁስል ካያችሁ፣ ከስታ ወይም ስትደበደብ ካያችሁ አትውጡ፤ ለድርጅቱም ንገሩ። ጎብኚ ሲናገር ይሰማል።

ካምፑ ውስጥ የሚሰጡት ቡና እንዴት ያለ ነው?

ጋዋ ይባላል። ዳላ በሚባል ረጅም አፍ ባለው ማንቆርቆሪያ፣ ጆሮ በሌለው ትንሽ ስኒ ይቀርባል። ቡናው ለስለስ ብሎ የተቆላ ስለሆነ መልኩ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ሄል ይገባበታል። ስኳር የለውም፤ ጣፋጩ ቴምሩ ነው። ጥቁር ቡና ለለመደ ሰው መጀመሪያ ሻይ ይመስለዋል። በቀኝ እጃችሁ ተቀበሉ። ስኒውን ዝም ብላችሁ ከመለሳችሁ ደግመው ይቀዱላችኋል። በቃኝ ለማለት ስኒውን ወዝወዝ ማድረግ ነው። ይሄ የአገሩ የእንግዳ አቀባበል ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ከምሽቱ ሁሉ እውነተኛ የባሕረ ሰላጤው ባህል የምትቀምሱበት ቅጽበት ነውና አትለፉት።

እራቱ ምን ይመስላል? ጾም ላይ ብሆንስ?

ቡፌ ነው። የተጠበሰ ዶሮ፣ ክባብ፣ ሩዝ፣ ዳቦ፣ ሁሙስ፣ የተለያየ ሰላጣ፣ ምስር ወይም የአትክልት ወጥ። ጣፋጩ ላይ ዕድለኛ ከሆናችሁ ሉቃይማት ታገኛላችሁ፤ ክብ ክብ ተጠብሶ የቴምር ሽሮፕ የሚፈስበት የአገሩ ጣፋጭ ነው። ጣዕሙ ከካምፕ ካምፕ ይለያያል። ብዙ ሕዝብ በሚያስተናግደው ካምፕ ምግቡ መካከለኛ ነው፤ ለምግብ ብቻ ብላችሁ አትሂዱ። ሰልፉ ሲከፈት ሁሉም አንዴ ይነሳል። አስር ደቂቃ ብትታገሱ ይቀላል፤ ጥብሱም ከእሳት ላይ ትኩሱን እየወጣ ነው።

ሥጋው በሙሉ በእስልምና ሥርዓት የታረደ ሃላል ነው። በሃይማኖታችሁ ምክንያት የማትበሉ ከሆነ ወይም ጾም ላይ ከሆናችሁ አትራቡም፤ ግን ጠይቃችሁ አንሱ። ሁሙስ ሽምብራና ሰሊጥ ነው፤ ይሆናል። ታቡሌና ፈቱሽ ይሆናሉ። ከባዲንጃን የሚሠራው ሙተበል ግን ብዙ ጊዜ እርጎ ይገባበታል። ሩዙ በቅቤ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። ኡም አሊ የሚባለው ጣፋጭ ወተት ነው። «ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለበትም ወይ?» ብላችሁ ምግብ የሚያወጣውን ሰው ጠይቁ። «ቬጀቴሪያን» ማለት ብቻ አይበቃም፤ እነሱ ዘንድ ቬጀቴሪያን ወተትና ቅቤ ይበላል። ስትመዘገቡ ቀድማችሁ ከጻፋችሁላቸው ደግሞ የተሻለ ነው።

ትርኢቱ ምንድነው? የበዱዊን፣ የበረሃው ዘላኖች፣ ባህል ነው?

በአብዛኛው ሦስት ነው። ታኑራ፣ ቤሊ ዳንስና የእሳት ትርኢት።

ታኑራ የግብፅ ነው። መነሻው የሱፊዎች እሽክርክሪት ሲሆን መድረክ ላይ ባለ ብዙ ቀለም ቀሚስ ለብሶ ይጨፈራል። ጎበዝ ዳንሰኛ ሲሆን በጣም ያምራል። ሳያቋርጥ እየተሽከረከረ ቀሚሱን ከራሱ በላይ ያነሳዋል፤ መብራትም ይለኮስበታል። ቤሊ ዳንስም ከግብፅና ከሌቫንት (ከሶርያና ሊባኖስ) አካባቢ የመጣ ነው። ሁለቱም የኤምሬትስ በረሃ ሰዎች ጭፈራ አይደሉም። የአገሩ የሆነው አያላ ነው። ወንዶች ቀጭን ዱላ ይዘው ሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተሰልፈው በከበሮ የሚጨፍሩት። ይሄም እ.ኤ.አ. በ2014 ዩኔስኮ መዝግቦታል። በተራው ጉዞ ግን እምብዛም አታዩትም። ባህሉን የምትፈልጉ ከሆነ «አያላ ወይም የጭልፊት ማደን ትርኢት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ይሄን የምለው ትርኢቱን ለማጣጣል አይደለም። ከጓደኞች ጋር ፈታ ለማለት ደስ የሚል ምሽት ነው፤ ልጆችም እሳቱን ይወዱታል። ቤሊ ዳንሱ ከልጆች ጋር ወይም ከአጥባቂ ቤተሰብ ጋር የማይመቻችሁ ከሆነ ግን እሱ የሌለበት የቤተሰብ ካምፕ አለ፤ ጠይቃችሁ ምረጡ።

ረመዳን ላይ ይኖራል?

ጉዞው ይኖራል። አሸዋው፣ ግመሉ፣ እራቱ አለ። ሙዚቃና ዳንስ ግን ይቆማል ወይም በጣም ይቀንሳል። በሌሎች የእስልምና በዓላትም አንዳንድ ምሽቶች እንደዚያ ናቸው። ረመዳን በየዓመቱ ከአምናው በ10 ወይም በ11 ቀን ቀድሞ ስለሚመጣ ከመያዛችሁ በፊት ቀኑን አረጋግጡ። ለትርኢቱ ብላችሁ ከሆነ የምትሄዱት ሌላ ጊዜ ይሁን። ዝምታውን ከፈለጋችሁ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም።

መጠጥ ይሸጣል?

ፈቃድ ያላቸው ካምፖች ለብቻ እያስከፈሉ ይሸጣሉ። ብዙዎቹ ግን ጨርሶ የላቸውም። ዱባይ ውስጥ የሚፈቀደው ዕድሜ ከ21 ዓመት ጀምሮ ነው። ካምፑ ሻርጃ ግዛት ውስጥ ከሆነ ክልክል ነው፤ እዚያ አልኮል በሕግ የተከለከለ ነው። የራስን ይዞ መምጣት አይሞከር።

ተጨማሪ የሚያስከፍሉት ምን ምን ነው?

ዋናው ባለአራት ጎማ ሞተር ነው፤ እነሱ «ኳድ» የሚሉት። መንገድ ላይ ለጎማ አየር በምትቆሙበት ቦታ ያቀርቡላችኋል። ዋጋውንና ደቂቃውን ሳትስማሙ አትቀመጡበት። ሄልሜት ካልሰጧችሁ አትንዱት። ከጠቅላላው ጉዞ ሰው ይበልጥ የሚጎዳው በዚህ ነው ብዬ እፈራለሁ፤ ምክንያቱም የሚነዳው ልምድ የሌለው ጎብኚ ነው፤ የኮረብታው ማዶም አይታየውም። ጫፍ ላይ ስትደርሱ ፍጥነት ቀንሱ።

ከዚያ በተጨማሪ ከጭልፊት ጋር ፎቶ፣ በባለሙያ የተነሳችሁት ፎቶ፣ ሺሻ፣ መድረክ አጠገብ ያለው ቪአይፒ መቀመጫ፣ አንዳንዴም ሙሉ ሂና ያስከፍላሉ። በእጅ ላይ የሚደረገው ትንሿ ሂና በነፃ ነው። እዚያው መቆሚያ ላይ ራሳችሁን ሻሽ ጠምጥመውላችሁ «ስጦታ ነው» የሚሉ ሻጮች አሉ። ስጦታ አይደለም። ካልፈለጋችሁ ከመጠምጠሙ በፊት «አይ፣ አመሰግናለሁ» በሉ። ጥቁር ሂና ቢያቀርቡላችሁም እምቢ በሉ፤ በውስጡ የሚጨመረው ኬሚካል ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። እውነተኛው ሂና ወደ ቡናማና ቀይ ያደላል።

ስልክና ካሜራ?

ስልክ በዚፕ በሚዘጋ ኪስ ወይም ላስቲክ ውስጥ ይቀመጥ። ሌንስ የሚቀየር ካሜራ ያላችሁ አሸዋ ላይ አትቀይሩ። ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው። ሰው ሳታስፈቅዱ አታንሱ፣ በተለይ ሴቶችን፤ በኤምሬትስ ሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል። ምርጡ ብርሃን ጀንበር ከመጥለቋ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት ነው። ከኋላችሁ የጎማ ዱካ የሌለበት ንጹሕ አሸዋ ለማግኘት ከመኪኖቹ ጥቂት ራመድ በሉ፤ ግን ከዓይን አትራቁ።

ሴት ነኝ፣ ብቻዬን መሄድ እችላለሁ?

ትችያለሽ፤ ብዙ ሴቶች ይሄዳሉ። ብቻሽን ስትሆኚ የጋራ መኪና ምረጪ። የመኪናውን ሰሌዳና የድርጅቱን ስም ለጓደኛ ላኪ። ሎኬሽን ሼር አድርጊ፤ ካምፖቹ አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ ኔትወርክ አለ። ሹፌሩ የግል ጥያቄ ካበዛ ወይም ካልተመቸሽ ለድርጅቱ ወዲያው ጻፊ። ለአስቸኳይ ጊዜ የፖሊስ ቁጥር 999፣ የአምቡላንስ 998 ነው። አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ የዱባይ ፖሊስ 901 አለ።

ድርጅቱ እውነተኛ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

በዱባይ አስጎብኚ ድርጅት ከኢኮኖሚና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። የፈቃድ ቁጥራቸውን ጠይቁ፤ ያለው ሰው ሳያመነታ ይልካል። ሙሉውን ገንዘብ በግለሰብ ስም ላክ የሚላችሁን ተዉት። ቀብድ ብቻ ወይም መኪናው ሲመጣ የሚከፈል ቢሆን ይሻላል። መንገድ ላይ ወረቀት የሚያድል ደላላ ሁሉ አጭበርባሪ ነው ማለት አይደለም፤ ግን እሱ የሚሸጠውን የሚያስኬደው ማን እንደሆነ እወቁ። የጎብኚዎችን አስተያየት ስታነቡም ኮከቡን ትታችሁ የቅርብ ጊዜ ቅሬታዎችን አንብቡ። ስለ ምግብ ከሆነ እለፉት። ስለ ቀበቶ፣ ስለ አነዳድ ወይም መኪና ጥሎን ሄደ የሚል ከተደጋገመ ሌላ ፈልጉ።

ለሹፌሩ ጉርሻ መስጠት ግዴታ ነው?

ግዴታ አይደለም። በደንብ የነዳችሁ፣ ያልተቸኮለባችሁ ሹፌር ከሆነ ግን 20 ወይም 30 ድርሃም መስጠት ተገቢ ነው። ብዙዎቹ ከአገራቸው ርቀው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ሥራቸውም መሽቶ ነው የሚያልቀው። ጥሬ ገንዘብ ዘርዝራችሁ ያዙ፤ ካምፑ ውስጥ ኤቲኤም የለም።

ማደር ይቻላል?

ይቻላል። ትርኢቱ አልቆ ሌሎቹ መኪኖች ከሄዱ በኋላ ድንኳን ውስጥ ወይም ውጭ ፍራሽ ላይ ታድራላችሁ፤ ጠዋት ቁርስ ተበልቶ ይመለሳል። መጸዳጃ ቤት አለ፤ ሻወር ግን በሁሉም ካምፕ የለም። በረሃውን ፈልጋችሁ የጥብቅ ክልሉ ዋጋ ለከበዳችሁ ሰዎች መፍትሔው ይሄ ነው። ድምፅ ማጉያው ጠፍቶ፣ መብራቱ ቀንሶ፣ ኮከብ ይታያል። ከመያዛችሁ በፊት ጨረቃዋን ካላንደር ላይ እዩ፤ ሙሉ ጨረቃ ባለችበት ሌሊት ኮከቡ ይደበዝዛል፣ አሸዋው ግን እንደ ቀን ወለል ብሎ ይታያል። ሁለቱም የየራሳቸው ውበት አላቸው፤ እናንተ የምትፈልጉት የትኛውን እንደሆነ ወስናችሁ ቀን ቁረጡ።